ሦስት መቶ ባዶ ማቀፊያ

ናስር በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ሦስተኛ አላንኳኳም። አሥራ ሰባት ዓመት ያልረገጠው ደጃፍ ነው። የበሩ ቀለም ተለውጧል፤ የመግቢያው ድንጋይ ግን ያው ጫፉ የተሸረፈው ነው።

ልደት ከፈተችለት። ሁለቱም ሰላምታ ለመስጠት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱም ሌላው ይቅደም ብለው ጠበቁ። እሷ ጸጉሯ ላይ ሽበት አለ። እሱ ጢሙ ላይ። ሁለቱም ይህን አዩ፤ መተያየታቸውንም አወቁ።

«መጣህ» አለች።

«አባቴ ታመሙ ስትዪኝ እንዴት እቀራለሁ?»

«ለእሳቸው ብለህ ነው?»

«ለእሳቸው ነው።»

«እኔም የጠራሁህ ለእሳቸው ነው።»

ሁለቱም ግማሹን እውነት ተናገሩ። ግማሹን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

የልደት አባት ጋሽ አባይነህ ሐረር ውስጥ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ደንበኛ የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ ሱቁ መርጦ ይቀዳለታል፤ የዝርዝሩ ወረቀት ታጥፎ በሲዲው የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጣል። የሰው ምርጫ ደስ ካላቸው ጋሽ አባይነህ አንድ ቅጂ ከነወረቀቱ ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከጅቡቲ ለቤታቸው አንድ ማጫወቻ አስመጡ። ሦስት መቶ ሲዲ በአንድ ጊዜ ይይዛል። በሆዱ ውስጥ ክብ መደርደሪያ አለ። ቁጥር ሲነኩት መደርደሪያው ይዞራል፣ ይቆማል፣ አንዱን ሲዲ ያነሳል።

ሲዲዎቹን በቁጥር የደረደረው ያኔ በሱቁ ዘፈን የሚቀዳው ናስር ነው። ከከተማው ወጣ ካለችው ከሶፊ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመቱ። ማቀፊያዎቹ ባዷቸውን በቆርቆሮ ሳጥን ተከተቱ። ጋሽ አባይነህ ሕግ አወጡ፤ ቤት የገባ ሲዲ ወደ ማጫወቻው፣ ማቀፊያው ወደ ሳጥኑ። መኝታ ቤቱ ሲዲ የሚደብቅ ልጅ አይኑር።

ልደት በዚያ ዘመን በየሳምንቱ የዘፈን ዝርዝር ጽፋ ወደ ሱቁ ትሄድ ነበር። የባለሱቁ ልጅ ዝርዝር አያስፈልጋትም። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ጋሽ አባይነህ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስም ጠፍቶባቸዋል። ልጆቻቸውን አይለዩም። ሚስታቸው ወይዘሮ ገላነሽ ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗል፤ እሳቸው ግን በቀን አሥር ጊዜ ይጠሯቸዋል። ቁጥሩ ብቻ አልጠፋም። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ «አርባ ሁለት» ይላሉ። አርባ ሁለት ይከፈታል፤ ቁርሳቸውን ይበላሉ። ቀትር ላይ «ዘጠና» ይላሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» ይላሉ። ያኔ አይበሉም። አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ።

የዘንድሮ ፋሲካ ሲቃረብ ትልቋ ልጃቸው ሣራ ከአቦከር ሰፈር መጣች፤ ቤቱን አጸዳች። የማጫወቻውን ሆድ ከፍታ አቧራ አየች። ሦስት መቶውን ሲዲ አውጥታ በሳፋ በሳሙና አጠበች፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች፤ እጇ እንዳገኘ መለሰች።

የትንሣኤ ዕለት ጠዋት አባቷ «አርባ ሁለት» አሉ። የልጆች መዝሙር መጣ። ጋሽ አባይነህ ማጫወቻውን አፍጥጠው አዩት። «ቤቴ ሰው ገብቷል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለት ማንኪያ አጥሚት በላይ አልቀመሱም። ዘጠነኛው ቀን ላይ ልደት አራት ሰው ጠይቃ የናስርን ስልክ አገኘች።

«ናስሮ! እንዴት ሸብተሃል አቦ!» አለች ሣራ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ወንጀለኛዋ እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አጠብኩ፣ አንድ በአንድ አደረቅኩ። አንድ ሰው እንኳን ተባረኪ ያለኝ የለም።»

«ቅደም ተከተሉስ?» አለ ናስር።

«ምን ቅደም ተከተል አለው? ሁሉም ክብ ነው!»

ናስር ሊስቅ ፈለገ። ልደትን አየ። እሷ እየሳቀች ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ያልሰማው ሳቅ ነው፤ እዚያው ቆሞ ሰማው።

ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ሽማግሌውን ሰላም አለ።

«ጋሼ፣ አላህ ይማርዎት።»

«ሬዲዮ ሠሪው ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቶሎ በል። ገብተውበታል። ሌሊት ይዞራል፣ ቀን ይዞራል፣ የእኔን ሰው አያመጣልኝም።»

የቀድሞ አሠሪው ዓይን በላዩ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። ናስር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳልነበረ፣ እንዳልተወለደም ሆኖ ተሰማው።

*

ሥራው እንዲህ ነው። ሲዲዎቹን ሁሉ አወጡ። ሳጥኑን ሳሎን መሐል ጎትተው አመጡ። ናስር በወጣትነቱ በእያንዳንዱ ማቀፊያ ውስጥ፣ ከሽፋን ወረቀቱ ጀርባ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፏል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ማቀፊያ ይከፍታል፣ ወረቀቱን ያወጣል፣ ቁጥሩን ያነባል። ልደት ስንደዶ እንደምትመርጥ ሴት ከተከመረው ውስጥ ሲዲውን ትለያለች። ከብዙዎቹ ማቀፊያዎች የታጠፉ የዘፈን ዝርዝሮች ይወድቃሉ። የሰርግ፣ የልደት በዓል፣ የሞተ ሰው ማስታወሻ። የአንዳንዶቹ ጸሐፊዎች በሕይወት የሉም። ልደት ወረቀቶቹን ሳታነብ ወደየቦታቸው ትመልሳለች።

ጽሑፍ ያለበት ሲዲ ቀላል ነው። ችግሩ በቤት የተቀዳው ነው፤ የብዙዎቹ ጽሑፍ በሣራ ሳሙና ለቋል። እነዚህን ማጫወቻው ላይ አድርጎ መስማት ግድ ሆነ። የመጀመሪያውን ከፈቱ። ክራር ነው። ናስር ግንባሩን ቋጥሮ ሲያስብ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ሠላሳ አንድ!»

ሁለቱም ተያዩ። ናስር ማቀፊያዎቹን ፈተሸ። የሠላሳ አንድ ቁጥር ማቀፊያ ሲዲው ገና አልተገኘለትም ነበር። ወረቀቱ ውስጥ «የክራር ምርጥ» የሚል ዝርዝር አለ።

ሌላ ከፈቱ።

«መቶ ስድሳ ስምንት!»

ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። እዚህ ሙዚቃው ይጀምራል፤ ከወዲያ ቁጥሩ ይመጣል። ሰውየው አይታይም። ድምፁ ብቻ፣ ከጨለማው ክፍል፣ አንድም ሳይሳሳት።

«የእኔን ስም ረስተው የዚህን ሁሉ ቁጥር ያውቃሉ» አለች ሣራ ሻይ እያቀረበች። «ምነው ስወለድ ቁጥር በሰጡኝ ኖሮ!» ለናስር ዳቦና ማንጎ አቀረበችለት። የበዓሉን ሥጋ እንደማይነካ ታውቃለች። ሳህኑን ስታስቀምጥ እህቷን አየቻት፤ አስተያየቷ ረዘም ያለ ነበር።

ሣራ ስትወጣ ልደት ጠየቀች።

«ልጅ አለህ አሉ።»

«አንዲት። ሀናን። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።»

«እናቷስ?»

«ፋጡማ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። አላህ ይርሐማት።»

«ነፍስ ይማር።»

ሁለቱ ጸሎቶች አንዲት ሟች ላይ ተገናኙ።

«አንቺስ? አላገባሽም አሉ።»

«ሰው ብዙ ይላል።»

«ይሄን ግን ሁሉም ነው ያለኝ።»

«ጠይቀህ ነበር ማለት ነው።»

ናስር ማቀፊያ ከፈተ። ቁጥሩን አነበበ። ድምፁ ወርዶ ስለነበር ደግሞ አነበበው።

በመጀመሪያው ቀን መቶ ሃያ ሲዲ ቦታው ገባ። በሁለተኛው ዘጠና። ልደት ያኔ አንድ ነገር ገባት። መደርደሪያው ሲሞላ ናስር ወደ ሶፊ ይመለሳል። ደግሞ የሚጠራበት ምክንያት የለም። በሦስተኛው ቀን ከፊቷ ያለውን ሲዲ እያየች «አላገኘሁትም» ማለት ጀመረች። ናስርም በመጀመሪያው ምት የለየውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፤ «ገና አልለየሁትም» ይላል። ከወዲያ ሽማግሌው ቁጥሩን ሲጮሁ ሁለቱም እንዳልሰማ ይሆናሉ። አንዱ የሌላውን ውሸት አየ። አንዱም አላጋለጠም። ከዚያ ሰዓት የበለጠ ደስታ በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ከዚያም የበለጠ ፍርሃት።

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ሙዚቃው ተቆረጠ። ሳሎኑ ውስጥ የሦስት ሰው ትንፋሽ የሚሰማ መሰለ። ሁለቱ ግን ብቻቸውን ነበሩ።

መብራቱ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ማጫወቻው በራ። መደርደሪያው መዞር ጀመረ። አንድ ቦታ ይቆማል፤ ጠቅ ይላል፤ ያልፋል። ደግሞ ይቆማል፤ ጠቅ ይላል፤ ያልፋል።

«ገላነሽ!» አሉ ጋሽ አባይነህ ከውስጥ። «ማን ነው የገባው?»

ልደት ክንዷን አቀፈች። «በየጊዜው እንዲህ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር። እማዬ የመጣች ይመስላቸዋል። አንዳንዴ እኔም ይመስለኛል።»

«ቦታዎቹን እየፈተሸ ነው» አለ ናስር። «የጎደለውን ለማወቅ።»

«የጎደለውን ሲያገኝስ?»

«ምንም። አልፎት ይሄዳል።»

«እንደ አንተ።»

ናስር እጁ ላይ ያለውን ማቀፊያ አስቀመጠ። «እንደ እኔ?»

«ሲዲ ሰጥተኸኝ ሄድክ። አንድ ቃል ሳትናገር። ሰው ውሻውን እንኳን ‹ደህና ሁን› ይላል።»

«ልደት፣ እኔ አልወቀስኩሽም። ያኔም እንደማልወቅስሽ ነግሬሻለሁ።»

«መቼ ነው የነገርከኝ?»

«አታስመስዪ፣ በአላህ። አባትሽን መረጥሽ፤ መብትሽ ነው። ግን አታስመስዪ።»

ሣራ ገባች። ሁለቱም ወደ ሲዲው አጎነበሱ። ሣራ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች።

«መቶ ሃያ፣ ዘጠና፣ ዛሬ ስልሳ» አለች። «ነገ ደግሞ ሠላሳ ቀርቷችኋል። ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትቆጥሩት?»

ናስር ተሰናብቶ ወጣ። ሣራ እህቷን ጓዳ አስገባቻት። ቀልዷን ውጭ ትታ ነበር።

«ልዱ። ሰውዬው ሙስሊም ነው። የሚስት ሐዘን አለበት፤ ልጅ አለችው። አንቺ አርባ ሊሞላሽ ነው። ዳግመኛ ብትሰበሪ የሚጠግንሽ የለም።»

«አባቴን መረጥሽ አለኝ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«አላውቅም። መረጥሽ አለኝ። ማን ምረጪ አለኝ?»

ልደት ያን ሌሊት አልተኛችም። የሚያቃጥላት አንድ ነገር ነበር። ሳይጠይቁት እንደ መለሰ ሰው ተፈርዶባታል።

*

አራተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ናስር ጁምዓ ሰግዶ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ብዙ አልተነጋገሩም። ሥራው ዛሬ አልዘገየም፤ ሁለቱም ኩራታቸውን ተደግፈው ሠሩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ገባ። አንድ ሲዲ ቀረ። አንድ ማቀፊያ ቀረ።

ሁለቱም ይህ የመጨረሻ የሆነው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱም ይህን ማቀፊያ እያዩ አልፈውታል።

«የቱ እንደሆነ ታውቃለህ» አለች።

«አውቃለሁ። ቁጥሩን ማየት አያስፈልግም።»

«ሥራ ሥራ ነው። ሁሉንም አይተናል፤ ይሄንንም እናያለን።»

ማቀፊያውን ከፈተችው። የሽፋን ወረቀቱን ሳበችው። ከጀርባው በእርሳስ «217» ይላል። በአራት የታጠፈ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«የዘፈን ዝርዝር ነው» አለች። እንደ ሌሎቹ ሳታነበው ልትመልሰው እጇን ዘረጋች።

ናስር ፊቱ ተለወጠ።

«አላነበብሽውም?»

«ምኑን?»

«ልደት። አላነበብሽውም?»

ያኔ ከፈተችው። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ጽሑፉ የእሱ ነው።

«ልደት፣

አባትሽ ትናንት ሱቁን ልቀቅ ብለውኛል። ምክንያቱን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ቅዳሜ ወደ ድሬ እወርዳለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሐረር በር፣ የድሬ መኪና ከሚቆምበት እጠብቅሻለሁ። አብረሽኝ ውረጂ አልልሽም። መጥተሽ ‹ጠብቀኝ› ካልሽኝ የፈለግሽውን ያህል ዓመት እጠብቃለሁ። እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ካልመጣሽ አባትሽን መርጠሻል ማለት ነው። አልወቅስሽም። አልመለስምም።

ናስር»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና አላለችም።

«አዛን ሲል ሄድክ?»

«ከአዛኑ በኋላ ሦስት መኪና አሳለፍኩ። አራተኛው ላይ ወጣሁ።»

«ሦስት መኪና» አለች።

«አንቺ ያን ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«እዚህ። እዚሁ ወንበር ላይ።» ጣቷን ወደ ማጫወቻው አመለከተች። «ይሄን ሲዲ እሰማ ነበር። ስንብትህ ይሄ ብቻ መስሎኝ። ደጋግሜ ሰማሁት። ድፍን አንድ ዓመት በየቀኑ ሰማሁት፣ ናስር። አንድ ቃል ይወጣበት ይሆን ብዬ። ሳክስፎን ብቻ ነው። አንድም ቃል የለበትም።»

«ቃሉ ማቀፊያው ውስጥ ነበር።»

«በር ላይ አባዬ ከእጄ ተቀበሉኝ። ሕጉ ነዋ።»

ናስር ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። «ሕጉን እኔ አላውቅም? ሳጥኑን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ! ሦስት መቶውን በገዛ እጄ ባዶ ያደረግኩት እኔ! በሰው ሁሉ ማቀፊያ ውስጥ ወረቀት አለ፣ ማንም አይጠረጥርም ብዬ ተራቀቅኩ። መንገድ ላይ ትከፍተዋለች አልኩ። ወላሂ፣ መንገድ ላይ አለመክፈትሽን አንድም ቀን አላሰብኩትም።»

«መንገድ ላይ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር» አለች። «እንዳይጫርብኝ።»

ሳጥኑ ተከፍቶ መሐላቸው ነበር። ሦስት መቶ ባዶ ማቀፊያ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአልጋዋ አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ነገር ነው። በየሳምንቱ በላዩ ያለውን አቧራ የምትጠርገው እሷ ነበረች። ይህን ስታስብ ጮክ ብላ አላለቀሰችም። እንባዋ ብቻ ወረደ፤ ናስር አየው፤ ሊያብስ እጁን አነሳ፤ አልደፈረም። እጁ አየር ላይ ቀረ። እሷ ያዘችው።

ሲዲውን አብረው ቦታው ከተቱት።

*

ጋሽ አባይነህ ያን ቀን ቁጥሩን አልጠሩም። ልደት ራሷ ነካችው። መደርደሪያው ዞረ፤ ቆመ። ሳክስፎኑ በባቲ ቅኝት ጀመረ። ትንሽ እንደተጫወተ ከውስጥ ድምፅ መጣ። የቁጥር ድምፅ አልነበረም።

«ገላነሽ! ነይማ።»

ልደት ገባች። ናስር በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«በሩን ዝጊው» አሉ።

አልዘጋችውም።

«ልጅቷ የለችም?»

«የለችም» አለች ልደት።

«ገላነሽ፣ ያ የሶፊው ልጅ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ሲዲውን ሳወጣ አገኘሁት። አነበብኩት። ልቀደው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እዚያው መልሼ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት።»

በሩ ላይ ያለው ሰው መቃኑን ያዘ። ልደት ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። አባቷን እንደዚህ ቀርባ አታውቅም። ሁልጊዜ «እርስዎ» ስትላቸው ኖራለች። እናቷ ግን «አንተ» ነበር የምትላቸው። አሁን የተናገረችው በእናቷ አፍ ነው።

«ለምን አልቀደድከውም?»

«ደግ ደብዳቤ ነበር። ክፉ ቢሆን እቀደው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠሃትም?»

ሽማግሌው እንደ ሞኝ ጥያቄ አዩት። «ትሄዳለቻ» አሉ።

ከሳሎን ሳክስፎኑ ቀጠለ።

«ትመጣለች፤ ቁጥሩን ትነካለች። በየቀኑ። እኔ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ። አንዲት ፊደል አላነብም። ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ እላለሁ። ከዚያ መንካቱን ተወችው። ያኔ ይብሳል። ዝም ሲል ይብሳል፣ ገላነሽ። ራሴ መንካት ጀመርኩ።» የልጃቸውን እጅ ጨበጡ። «እንዳትነግሪያት።»

«ነግሬያታለሁ» አለች።

ጋሽ አባይነህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸው ግን አልለቀቃትም።

«ምን አለች?»

ልደት ቀና ብላ ናስርን አየችው። እሱ ዓይኑን አላነሳም።

«አለቀሰች። ወረቀቱን ይዛ ቆመች።»

«ይቅር አለችኝ?»

ቀላሉ «አዎ» ማለት ነበር። አንድ ቃል ነው። ከአፍታ በኋላ ይረሱታል። ነገር ግን እናቷ በሕይወቷ ዋሽታቸው አታውቅም፤ ከሞተች በኋላ ልደት አታስዋሻትም።

«ገና ናት» አለች።

«ገና ናት» አሉ እሳቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። እኔም ብሆን ገና ነኝ።»

ሙዚቃው አለቀ። ሽማግሌው እጇን ለቀቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ወጣና ሄደ። ልደትን እንደ እንግዳ ሰው አዩአት።

«እትዬ» አሉ፣ «በዚህ ቤት ምግብ የለም እንዴ? እርቦኛል።»

ሣራ ከጓዳ ሰምታ ነበር። ጎድጓዳ ሳህን ይዛ እየሮጠች ገባች። «ይብሉልኝ፣ ይብሉልኝ፣ ሰባት ሳህን ይብሉልኝ!» አለች። እያለቀሰች ነው የምታጎርሳቸው። ምን ያህሉን እንደሰማች ማንም አልጠየቃትም።

*

ናስር ጫማውን ሊያስር በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሏል። ልደት ከኋላው ቆመች። የጫማው ማሰሪያ አጭር ነው፤ እሱ ግን አስሮ አልጨረሰም።

«አለቀ» አለ።

«አለቀ።»

«ሦስት መቶውም ቦታቸው ገብተዋል። ከእንግዲህ ማንም እንዳያጥባቸው።»

እሷ አልሳቀችም። ናስር ቀና አለ።

«ልደት፣ እኔ ያው ነኝ። ጁምዓዬን አልተውም። አንቺም እሑድሽን አትተዪም፤ ተዪ ብልሽ አንቺን አልሆንሽም። ሶፊ ያሉት ዘመዶቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ሣራ ምን እንደምትል ከዓይኗ አንብቤያለሁ። እሳቸውን ጥለሽ መውጣት አትችዪም።»

«አልችልም።»

«በአሥራ ሰባት ዓመት ምንም አልቀለለም።»

«ምንም አልቀለለም» አለች። «ያኔ ግን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።»

ናስር እጁን በሩ ላይ አደረገ። አላነሳውም፤ በሩንም አልከፈተም።

«እስከ ዛሬ ስመጣ ምክንያት ነበረኝ። ለሲዲው ነው እላለሁ፤ ለሽማግሌው ነው እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም እንዲያ አልኩ። ነገ ምን ብዬ ልምጣ?»

ልደት ወደ መኝታ ቤቱ አየች። በሩ ክፍት ነው። የማንኪያው ድምፅ ይሰማል።

«ምንም ሳትል ና» አለች።

በሹክሹክታ አልነበረም። በዚያ ቤት ውስጥ ለአርባ ዓመት ያህል ከፍ አድርጋው በማታውቀው ድምፅ ነው የተናገረችው። ማንኪያው ቆመ። ሣራም፣ ሽማግሌውም፣ ግድግዳውም ሰማ። ናስር ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቅንቆ በሩን ከፍቶ ወጣ።

እሷ ዞር አላለችም። ፈርታለች። ፍርሃቱ ግን የዛሬ ነበር፤ የድሮው አልነበረም።